የማይበቅለው መንጋጋ

ኩብራ የስምንት ዓመት ልጇን ሙስሊማን እየጎተተች አሰበ ተፈሪ ክሊኒክ የደረሰችው በጠዋት ነው። ልጅቷ ጣፋጭ በነካት ቁጥር ጉንጯን ይዛ ትጮሃለች። ድሬሰሩ ብሩ አፏን በባትሪ አየና ጉጠቱን አነሳ።

«የወተት ጥርስ ነው እትዬ ኩብራ። ይነቀላል፣ ሌላ ይበቅላል።»

«ቆይ ጓድ ብሩ» አለች ከአዲስ አበባ በቅርቡ የተመደበችው የጥርስ ባለሙያ ወይንሸት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ጎንበስ ብላ አየች። «የወተት አይደለም። ዋናው መንጋጋ ነው። በስድስት ዓመት ከኋላ ብቅ የሚለው። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚመጣ ሰው የወተት ይመስለዋል። ከተነቀለ አይተካም።»

«አይተካም?»

«አይተካም፣ እናቴ።»

ኩብራ ደሟ ፈላ።

«ብሩ! የታላቋን የሳፊያን ስትነቅል ምን አልከኝ? ይኸው ጥርስ አይደለም? ሁለት ክረምት ሙሉ ድዷን ስዳብስ የከረምኩት ለዚህ ነው?»

«ያኔ እንደዚያ ነበር የምናውቀው…»

«ና እስቲ፣ ያንተን አንዱን ልንቀለውና ሲበቅል እንየው!»

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። ኩብራ አልሳቀችም።

«ሳትበላበት፣ ዝም ብሎ ያማታል?» አለች ወይንሸት።

«የለም፣ ስትበላ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ነርቩ አልሞተም። ላድነው ልሞክር።»

ኩብራ የልጇን ራስ ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ወይንሸት ጫፏ ማንኪያ በምትመስል መሣሪያ የበሰበሰውን ፈቀፈቀች፤ ዳር ዳሩን አጸዳች፤ መሃሉ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ጥቁሩን ተውሽው እኮ! አንቺም ልታታልዪኝ ነው?»

ወይንሸት ፊቷ ቀላ። «ከሥሩ ነርቩ አለ። ሁሉን ከጫርኩት ይቀደዳል፤ ከዚያ ወዲያ ጉጠት ነው። ምግብና ምራቅ እንዳይደርሰው ከደፈንኩት ግን ጥርሱ ራሱ ከውስጥ ይጠነክራል። ምናልባት። ከሦስት ወር በኋላ ያምጧትና አየዋለሁ።»

ምናልባት። ብሩ አንድም ቀን ምናልባት ብሏት አያውቅም።

«ድፈኚው» አለች ኩብራ።

ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸት፣ ሊጥ የመሰለ ነጭ መድኃኒት ጉድጓዱን ሞላው።

ሲወጡ ብሩ «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ። ከመሰላ የመጣች አንዲት እናት ወንድ ልጇን አቅፋ ተነሳች። ኩብራ በሩ ላይ ቆመችባት።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ቶርባ» አለች ሴትየዋ፣ ሰባት ጣት አሳይታ።

ኩብራ ወደ አግዳሚው ዞረች። ገበያ ውስጥ በምትጣራበት ድምፅ «ኢልካን ኩን ሂንቢቂሉ!» አለች በኦሮምኛ። ከዚያ ወደ ብሩ ተመለሰች። «ይህ ጥርስ አይበቅልም በል! ከአፍህ ይውጣ። ንገራቸው!»

ብሩ ጉጠቱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ኩብራም ከበሩ ንቅንቅ አልል አለች።

«… አይበቅልም» አለ በመጨረሻ፣ ወለሉን እያየ።

የመሰላዋ እናት ልጇን አወረደችና ወደ ወይንሸት ገፋችው።