ቤንዚን የሚያበረክተው ብልቃጥ

አሶሳ ላይ ባጃጅ የሚነዳው ምንይችል ከሠራበት ቀን ይልቅ ማደያ ተሰልፎ የዋለበት ይበዛ ነበር። ስለዚህ ደባልቄ የሚባለው ነጋዴ ገበያ መሃል አረንጓዴ ብልቃጥ ከፍ አድርጎ፣ «ጠብ አድርጉበት፤ ቤንዚናችሁ ይበረክታል፤ የነዳጁ ቀስት ንቅንቅ አይልም» ሲል ጆሮውን አቆመ። ብልቃጡ የአንድ ቀን ገቢውን ጠራርጎ ወሰደ።

ሚስቱ የዝና አሽትታው፣ «ይኼ የጸጉር ቅባት ነው» አለች።

«አንቺ ደሞ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ሞተር አላውቅም፤ ደባልቄን ግን አውቀዋለሁ። አምና ይህንኑ የአይጥ መድኃኒት ነው ብሎ ሸጦልናል። አይጦቹ ወፈሩ።»

ምንይችል አልሰማትም። ግማሹን ታንከሩ ውስጥ ገለበጠው። እውነትም የነዳጁ ቀስት ግማሽ ላይ ቀጥ አለ። ጠዋት ግማሽ፣ ማታም ግማሽ። በማግስቱ ማደያው ፊት ሲያልፍ፣ ለተሰለፉት ባልደረቦቹ ከንፈሩን እየመጠጠ ክላክስ ነፋላቸው።

ሐሙስ ዕለት በጆንያ ማንጎ የያዙ እማማ ዓኢሻን አሳፍሮ ወደ ባምባሲ ወጣ። ከተማዋ ልትታይ ስትል ሞተርሳይክሉን ዛፍ አስደግፎ፣ ባዶ ጀሪካን ያንጠለጠለ ሰው እጁን ዘረጋ። ደባልቄ ነበር።

«ምን ሆነህ ነው?»

ደባልቄ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቤንዚን አለቀብኝ።»

ምንይችል ነገሩን ገና ሲያሰላስል፣ ባጃጇ አንድ ሁለቴ አስነጠሰችና ዳገቱ ሥር ጸጥ አለች። ቀስቱ አሁንም ግማሽ ላይ ነው።

«መቼ ነው የቀዳኸው?» አለ ደባልቄ።

«ለምን እቀዳለሁ? መድኃኒትህን ጨምሬበት የለም?»

«ወንድሜ፣ እሱ እኮ ቤንዚን ላይ ነው የሚጨመረው፤ በቤንዚን ፈንታ አይደለም።»

ምንይችል ወርዶ ከደባልቄ ጋር ይገፉ ጀመር። እማማ ዓኢሻ ግን ከወንበራቸው አልተነሡም።

«እማማ፣ ትንሽ ቢወርዱልን?»

«እኔ ገንዘብ ከፍሏል» አሉ፣ በበርታ አንደበታቸው። «ወላሂ፣ ለመቀመጥ ነው እንጂ ለመግፋት አልከፈለም።»

ማንጎ እየላጡ ይበላሉ፤ ገፊዎቹ ሲያለከልኩ ለእነሱም ያቀብላሉ። መሃል ላይ ደባልቄ ላቡን እየጠረገ፣ «አንድ ብልቃጥ ተርፎኛል፤ በቅናሽ...» ብሎ ጀምሮ ነበር። ምንይችል ዞር ብሎ ሲያየው ቀሪውን ዋጠው።

ባምባሲ መግቢያ ላይ መካኒኩ ሁንዴ ታንከሩን ከፈተና ሳቁ አመለጠው። ነዳጁን የሚለካው ተንሳፋፊ በአረንጓዴ ዝልግልግ ተጣብቆ ግማሽ ላይ ቀርቷል።

«ይኸው» አለ ደባልቄ ደረቱን ነፍቶ፣ «ቀስቱ አይነቃነቅም ብዬ አልነበር?»

ምንይችል ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። እማማ ዓኢሻ እዚያው ባጃጇ ውስጥ ተቀምጠው ሽማግሌ ሆኑና፣ የታንከሩን ማሳጠቢያ ደባልቄ እንዲችል ፈረዱ።

ምንይችል አሁን እንደ ሰው ሁሉ ማደያ ይሰለፋል። የተረፈውን ግማሽ ብልቃጥ የዝና ሲጢጥ የሚለውን የበር ማጠፊያ ቀባችበት። በሩ ከዚያ ወዲህ አይጮኽም፤ አይከፈትምም። የሚገቡት በጓሮ ነው።