ሠላሳ ዘጠኝ ነው፣ ውረድ

መሐንዲሷ ትልቁን ዲሽ የመረጠች ዕለት ባሏ አኮረፈ። ቢያኮርፍም አይፈረድበትም፤ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትመርጠውን ማማ ላይ ወጥቶ የሚሰቅለው እሱ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ድመቱ» ይሉታል። አለቃቸው ደግሞ «እነዚህ ሁለቱ ቤታቸው ሲጣሉ የእኛ ኔትወርክ ይቋረጣል» እያለ ይቀልድባቸዋል። ቀልዱ እሱን እንጂ እሷን አስቋት አያውቅም።

«ባለ አንድ ሜትር ከሃያው ምን አደረገሽ?» አላት እራት ላይ። «ያ ማማ ቀጭን ነው። ባለ አንድ ሜትር ከሰማንያውን ሰቅዬበት ነፋስ ሲመጣ ማን ሊይዘው ነው? አንቺ?»

«ማማው እንደሚችለው አስልቻለሁ።»

«ማማው ይቻለው። እኔስ?»

አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ ጉርሻቸውን ሳይጨርሱ ቀና አሉ። «ዲሽ የምትሉት የቴሌቪዥኑን ነው?»

«አይደለም እማማ። ይሄኛው ተራራን ከተራራ የሚያነጋግር ነው።»

«ታዲያ ተራሮቹ ተነጋገሩ አልተነጋገሩ፣ የኔ ልጅ ምን አገባው?»

ድመቱ ኩርፊያው ላይ እያለ ሳቁ አመለጠው። እሷ ግን አልሳቀችም። አሮጊቷ ለልጃቸው ያላቸው ስጋት እሷም ውስጥ ካደረ ሰነበተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስመሩ የሚዘረጋው ከከተማው ሆስፒታል ከጋራው ወዲያ እስካለው ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ያለችው አዋላጅ የወላዶች ምጥ ሲጠና የሆስፒታሉን ሐኪም በዚሁ መስመር እየጠየቀች ነው የምትሠራው። የድሮው መስመር ዝናብ በጣለ ቁጥር ይጠፋል። መሐንዲሷ ቦታውን ልታይ የሄደች ጊዜ አዋላጇ «ደመና ባየሁ ቁጥር ብቻዬን እንደምቀር አውቀዋለሁ» ብላታለች። ይህቺ ንግግር ከጭንቅላቷ አልወጣ አለች። ስለዚህ ዝናብ ብዙ የማይጎዳውን ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ መረጠች። ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ሲል ጨረሩን የሚሰበስበው ዲሽ መተለቅ አለበት፤ ትልቁን ዲሽ መረጠች። ሬዲዮውንም አየሩ ሲበላሽ የሚያስተላልፈውን መጠን የሚቀንስ እንጂ ጭራሽ የማይዘጋ ዓይነት አደረገችው። ሁሉንም አሟልታ ለፍሪኩዌንሲ ፈቃድ ላከች። ፈቃዱ የሚሰጠው ለዚያው ፍሪኩዌንሲና ለዚያው ዲሽ ነው፤ ጫማ ጠበበኝ ብሎ እንደ መመለስ አይደለም። ከላከችው በኋላ እንቅልፍ አጣች። ሒሳቡን እየደጋገመች ሠራችው፤ ሁሌም ያው መልስ ይመጣል፣ እሷ ግን አታምነውም።

የትልቅ ዲሽ ጣጣው ጨረሩ ቀጭን መሆኑ ነው። ብሎኑን ትንሽ ነካ ካደረጉት ከወዲያኛው ማማ ይስታል። ይባስ ብሎ ከዋናው ጨረር ግራና ቀኝ ደካማ ጨረሮች አሉ። ሰቃዩ ከነሱ አንዱ ላይ ካረፈ ወደ ግራ ሲያዞር ሲግናሉ ይቀንሳል፣ ወደ ቀኝ ሲያዞርም ይቀንሳል፤ አገኘሁት ብሎ ያጠብቃል። መስመሩ ለጊዜው ይሠራል። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ጉድ ይሠራል።

የተከላው ቀን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከሰዓት በኋላ ድመቱ ማማው ላይ ሆኖ ዲሹን ያዞራል፣ እሷ ከማማው ሥር ባለችው የመሣሪያ ክፍል ላፕቶፑ ላይ የሚመጣውን ቁጥር በዎኪቶኪ ትነግረዋለች። ቁጥሩ ሲያንስ ሲግናሉ ይጎላል። በሒሳቧ መሠረት ሠላሳ ዘጠኝ መምጣት አለበት። እሱ ላይ ሆኖ የሚያየው ቁጥር የለም፤ የሚሠራው በእሷ ድምፅ ነው።

«ስንት?»

«ስልሳ አራት።»

«አሁንስ?»

«ሃምሳ ስምንት።»

«ወደ ግራ ሳደርገው?»

«ስልሳ ሁለት።»

«ወደ ቀኝስ?»

«ስልሳ ሦስት። ተው፣ መልሰው።»

በሩ ላይ ወጥታ ቀና አለች። ከጋራው ጀርባ ጥቁር ደመና ተነሥቷል። ነፋሱ በማማው ብረት መሐል እያፏጨ ያልፋል። ያ ትልቅ ዲሽ፣ እሷ የመረጠችው ዲሽ፣ ነፋሱን ሲቀበል እሱ በሁለት እጁ አቅፎ ይዞታል።

«ደመና መጣ፣ ውረድ» አለችው።

«ደመና የመጣ ዛሬ ብቻ ነው እንዴ?» ሳቀ። «ሳልጨርስ አልወርድም። ፈትቼው ብወርድ ነፋሱ ሲያጋጨው ነው የሚያድረው።»

«በኋላ እንጨርሰዋለን እያልኩህ ነው!»

«የኔ እመቤት፣ አታጨቃጭቂኝ። ከፍታውን ነካ አደረግሁት። አሁን ስንት ነው?»

ተመልሳ ስክሪኑን አየች። ሃምሳ ስምንት። የጎኑ ጨረር ላይ ነው፣ ምንም አያጠራጥርም። ይህን ብትነግረው ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች፤ ብሎኑን ሁሉ ፈትቶ ከዜሮ ይጀምራል። ከሩቅ ነጎድጓድ አጉረመረመ። ፈርታለች።

«ሠላሳ ዘጠኝ» አለች።

«ምን? እንዲህ ዘለለ?»

«ዘለለ። ሠላሳ ዘጠኝ ነው፣ አጥብቅና ውረድ።»

«አይ የኔ ሚስት!» ብሎ ጮኸ ከላይ። «ሒሳብ ከአንቺ ወዲያ ላሳር ነው! ስጨቀጭቅሽ የከረምኩትን ሁሉ ይቅር በይኝ!»

ዎኪቶኪውን አስቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

እግሩ መሬት በነካ በአፍታ ዝናቡ ወረደ። እየሳቀ፣ ውኃው ከጸጉሩ እየተንጠባጠበ ወደ መሣሪያ ክፍሉ ገባ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና እንደ ልማዱ ውጤቱን ሊያይ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ላፕቶፑን መዝጋት ትችል ነበር። ትዝ አላላትም።

ድመቱ ሲናደድ ይጮኻል፣ ዕቃ ይወረውራል፣ ወዲያው ደግሞ ይረሳዋል። አሁን አልጮኸም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጎን ላይ ነህ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«እዚያው እያለህ።» ወዲያው ቱግ አለች። «ውጪውን ተመልከተው እስቲ! አሁን እዚያ ላይ ብትሆን ኖሮስ? ለእናትህ ምን ልላቸው ነበር?»

ውጪ መብረቁ ብልጭ አለ። ሁለቱም ነጎድጓዱን ጠበቁ።

«‹ፈርቻለሁ፣ ውረድ› ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

«አትወርድም ነበራ!»

«አልወርድም ነበር» አለ፣ ትንሽ አስቦ። «እንሰዳደብ ነበር። ምናልባት እሞት ነበር፣ እንጃ። ግን የነገርሽኝ ቁጥር እውነተኛ ቁጥር ይሆን ነበር።»

አለቃው ደውሎ አልቆ እንደሆነ ሲጠይቅ ድመቱ ነው የመለሰው። «አላለቀም። አየሩ ከለከለን፣ ነገ እንጨርሳለን። ነገ ያንን ልጅ፣ መነጽሩን ላክልኝ፤ ቁጥሩን እሱ ያንብብልኝ።» የእሷን ነገር አላነሳም። መኪና ውስጥ እንደበረዳት አይቶ ደረቁን ጃኬት አለበሳት። ቢሰድባት በተሻላት።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ። መነጽሩ የሚሉት ወጣት መሐንዲስ ስለ ትናንቱ ምንም አያውቅምና የመሣሪያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ቁጥሩን በዘፈን ዜማ ያነባል። ድመቱ ሁሉንም ብሎን ፈታ፣ ዲሹን ከጎኑ ጨረር አሳልፎ ገፋው። ቁጥሩ መጀመሪያ ተበላሸ፣ ስልሳ አምስት፣ ሰባ፣ ከዚያ አርባ ሰባት፣ አርባ አንድ።

«ሠላሳ ዘጠኝ!» አለ መነጽሩ። «ጋሼ፣ ልክ ሒሳቡ እንዳለው ነው!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እያየሁት እኮ ነው!»

«እርግጠኛ ነህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«እርግጠኛ ነኝ ጋሼ። ሠላሳ ዘጠኝ ነው።»

ደጅ የቆመችው መሐንዲሷ ሁሉንም ሰማች። ምርጫዋ ልክ ነበር፤ ዲሹም፣ ሬዲዮውም፣ ሒሳቡም። ያ ሁሉ ያጣችው እንቅልፍ በከንቱ ነበር። ደስታው ግን ሊመጣላት አልቻለም።

የቀረው ዲሹን ከነፋስ የሚደግፈው ብረት ነበር። የብረቱ ብሎን ከወዲያ በኩል ስለሆነ ድመቱ ሙሉ ሰውነቱን ገመዱ ላይ ጥሎ ወደ ውጪ መንጠልጠል አለበት። የገመዱ ጫፍ ታች፣ የማማው እግር ላይ ይታሰራል። የመኪናቸው ሹፌር ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ስለነበር እንደ ድሮው እሷ ጠቅልላ አሰረችው፣ ስባ ሞከረችው፣ እንደገና ስባ ሞከረችው።

«ገመዱ ታስሯል?» ሲል ጮኸ።

«ታስሯል! ተንጠልጠል!»

አብረው በሠሩበት ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ጨርሳ አታውቅም፤ እሷ «ታስ» ስትል እሱ አየር ላይ ነው። አሁን አልተንጠለጠለም። አንድ እጁን ብረቱ ላይ እንዳደረገ ጎንበስ ብሎ ቁልቁል አየ። እሷን አልነበረም የሚያየው።

እንባዋ መጣ። ቋጠሮውን እንዲያየው ወደ ጎን ዞር አለችለት።