የሃያ ፐርሰንቱ እንግዳ

ሰፈርተኛው «ፐርሰንት» ብሎ ሲጠራው ቅር አይለውም። ዕድሜውን ሙሉ ኢንሹራንስ ቤት ተቀምጦ የትኛው መኪና ይጋጫል፣ የትኛው መጋዘን ይቃጠላል ሲል የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ አመሉም አብሮት ወጣ። ዳቦ ቤቱ ዛሬ ዳቦ ይኖረው እንደሆን ብትጠይቁት «ሰባ ፐርሰንት» ይላችኋል፤ ሰባ ፐርሰንት ዳቦ እንግዲህ ብሉት! የታችኛው በር ደወል ተበላሽቶ ሚስቱ «አሠራው» ብትለው እንኳ፣ «የቤቱ ሰው ሁሉ ቁልፍ አለው፤ ሌላው ስልክ ይመታል። ደወል የሚያስፈልገው ሰው የመምጣት ዕድሉ ሁለት ፐርሰንት ነው» ብሎ አፏን አስያዛት። ደወሉም እንደተበላሸ ቀረ።

ቅዳሜ ሴት ልጃቸው ስልክ ደወለች። ወንድሟ «ነገ ለምሳ ብቅ ልል እችላለሁ» ብሏታል። ልጁ አባቱ ያስገኘለትን ሥራ ትቶ ከተጣሉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ያን ቀን አባትየው «የቤቴን ቁልፍ አስቀምጥ» አለው፤ እሱም አስቀምጦ ወጣ።

«ይመጣል ትላለህ?» አለች ሚስቱ።

«ሃያ ፐርሰንት።»

«ሃያው የቱ ነው? እጁ ነው እግሩ? እኔ የጠየቅኩህ ሳህን ላስቀምጥ ወይስ አላስቀምጥ ነው።»

እሁድ ጠዋት ደግሞ ቁጥሩ ራሱ አልረጋ አለው። ልጁ እልኸኛ ነው፣ በማን ወጣና፤ ይሄ ይቀነሳል። እናቱ ትናፍቀዋለች፤ ይሄ ይደመራል። «ብቅ ልል እችላለሁ» ማለቱስ ይደመራል ወይስ ይቀነሳል? ነገሩ ዞረበት። ይባስ ብሎ መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን ሲላጭ ራሱን አገኘው።

«ለሃያ ፐርሰንት ሰው ጢም ይላጫል እንዴ?» አለች ሚስቱ በበሩ አልፋ ስትሄድ።

«አሳክኮኝ ነው።»

እውነቱን ልንገራችሁና፣ ሃያ ያለው አስልቶ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። መቶ ብሎ ልጁ ቢቀር በምን አንጀቱ ይችለዋል? ሃያ ያለ ሰው ቢቀሩበት እንኳ «ብያችሁ ነበር» ይላል።

የምሳ ሰዓት አለፈ። ሚስቱ ያስቀመጠችው ሦስተኛ ሳህን ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ቀረ። «ብዬሽ ነበር» አለ። ተነሥቶ ቆሻሻ ልጣል አለ። ፌስታሉ ውስጥ ያለው አንድ የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ሚስቱ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ታች ወርዶ ሲወጣ በሩ ከኋላው ተዘጋ። ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ የብርቱካን ከረጢት አለ። አባቱን ሲያይ ተነሣ።

«ስንቴ ደወልኩ» አለ። «ሰምታችሁ ዝም ያላችሁኝ መሰለኝ።»

«ስልክስ አትደውልም?»

«በር ያልከፈተልኝ ሰው ስልክ ያነሣል?»

አባትየው ደወሉን አየ፤ ልጁን አየ። ያ የሁለት ፐርሰንት ሰው ማን እንደሆነ አሁን ገባው። የቤቱ ሰው ሁሉ ቁልፍ አለው ሲል እሱ ራሱ ቁልፍ የቀማውን ልጁን ረስቶ ነበር የቆጠረው።

«አይሠራም» አለ። «እኔ ነኝ ያላሠራሁት።»

«ልሄድ ስል ነው የወረድከው፣ አባባ። ሄጄ ቢሆን ሌላ ቀን የምመለስ ይመስልሃል? ስንት ፐርሰንት?»

ፐርሰንት አፉን ከፈተ። ቁጥር አልመጣለትም።

«እንጃ፣ ልጄ» አለ።

ከኪሱ ቁልፎቹን አወጣ። የበሩን ቁልፍ ከቀለበቱ ፈታ። «ያንተው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እስከዚያ የኔን ያዝ» ብሎ ሰጠው።

ልጁ በሩን ሲከፍት አባትየው ያልጣለውን ፌስታል እንደያዘ ከኋላው ቆሞ ይጠብቅ ነበር።