የዓርብ ዜና እና የፔሪዛት ፀጉር

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ሲንቀጠቀጥ የትምህርት ቤታችን ሳምንታዊ ዜና መጣ ማለት ነው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ወላጆች ባሉበት የስልክ ቡድን ውስጥ ይለጠፋል። እኔ ወላጅ አይደለሁም፣ አያት ነኝ። ግን ልጄ ጉልዛዳ ሞስኮ ምግብ ቤት ውስጥ ሰሃን ታጥባለች፤ ልጇን ፔሪዛትን የማሳድጋት እኔ ነኝ። እዚህ መንደራችን ሳሪ-ቶኮይ ከሁለት ቤት አንዱ እንዲህ ነው፤ እናት ከሩቅ ትናፍቃለች፣ አያት ከቅርብ ትጨነቃለች።

ዜናውን የምታዘጋጀው ምክትል ርዕሰ መምህሯ ቱርሱናይ ናት። አበባ፣ ልብና የሚያጨበጭብ እጅ ሳትደረድር አንድ መስመር አትጽፍም። በእኛ አገር ፎቶ ያልተነሳ ሥራ እንዳልተሠራ ነው። ወረዳው ፎቶ ይጠይቃል፣ ወረዳውን ደግሞ የበላዩ ይጠይቀዋል። ልጆቹ ችግኝ ሲተክሉ ፎቶ ይነሳሉ፤ ችግኙ ሲደርቅ ሌላ ይዘው እዚያው ጉድጓድ ላይ ይነሳሉ። ይህን ለምጄው ነበር። እስቅበትም ነበር።

የዚያን ዓርብ ዜና ግን ሳስበው እስካሁን ይጎመዝዘኛል። «የንጽሕና ሳምንት በድል ተጠናቀቀ!» ይላል ርዕሱ። ነርሷ መጥታ የሁለት መቶ አርባ ተማሪ ራስ መመርመሯን ይተርካል። ከዚያ «ቅማልና ቅጫም የተገኘባቸው» ብሎ ዘጠኝ ስም ይዘረዝራል፤ ከነአባታቸው፣ ከነክፍላቸው። ሰባተኛው የፔሪዛት ነው፣ አሥረኛ ክፍል። ፎቶም አለው፤ ከኋላ የተነሳ ማጅራቷ፣ ሹሩባዋ፣ ፀጉሯን በሁለት እርሳስ ፈልቅቆ የያዘ ጓንት ያጠለቀ እጅ። በገበያ ቀን የበግ ላት እንደሚፈተሽ።

ከሥሩ የወላጆቹ ቃል ተደርድሯል። «ጎበዝ መምህራን!» «ይህ ነው ሥራ!» አንዷ የሚያስታውክ ቢጫ ፊት ለጥፋለች። እሷን አውቃታለሁ፤ ስትወለድ እትብቷን የቆረጠችው የእኔ እህት ናት።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ በኅብረት እርሻው የወተት መሰብሰቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። በየጠዋቱ እጃችንን፣ ጥፍራችንን፣ ራሳችንን ይፈትሹን ነበር። ሐኪሟ አንድ ነገር ካየች ጠጋ ብላ በጆሯችን ትነግረናለች፤ በጓሮ በር ወጥተን ወደ ቤት እንሄዳለን፤ ስንመለስ ማንም ምንም አይጠይቅም። ማጨብጨብ የሚባል ነገር አልነበረም።

ፔሪዛት ከእኔ ቀድማ አይታው ኖሯል። ከትምህርት ቤት ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ምድጃው አጠገብ ቁጭ አለች።

«አፓ፣ አየሽው?» አለችኝ፤ አያትንም ትልቅ ሴትንም አፓ ነው የምንለው።

«አየሁት፣ የእኔ ጠቦት።»

«ዘጠነኛ ክፍሎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ራሳቸውን እያከኩ ጠበቁኝ። አንዱ ‹ሽሹ፣ እየዘለለ መጣ!› አለ። ሁሉም ሮጡ። አንድ መምህር ቆሞ ያያል፣ እሱም ይስቃል። ከእንግዲህ እዚያ አልሄድም። ለእማዬ ደውያለሁ። ወጥ ቤቱ ሰው ይፈልጋል። እስከሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ መኪና የለም እንጂ ነገ እሄድ ነበር።»

«አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነው! ሰሃን ልታጥቢ?»

«ሰሃን ስም አያወጣም።»

ወደ መስኮቱ ጠራኋት። መነጽሬን አድርጌ ሹሩባዋን ፈታሁ። ነጫጭ ነገር አለ። አንዱን በጥፍሬ ያዝኩት። ቅጫም እንዲህ በዋዛ አይለቅም፤ ፀጉሩ ላይ ሙጭጭ ይላል፣ በሁለት ጥፍር ሲጨመቅ ጠሽ ይላል። ይህኛው ተፈረፈረ። አሸተትኩት። ከዚያ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ምላሴ ላይ አደረግሁት።

«አፓ! ምን እያደረግሽ ነው!»

«እርጎ ነው» አልኩ።

ፀጉሯን ማክሰኞ ያጠብኩላት እኔ ነኝ። የእኛ ሴቶች ፀጉር በእርጎ ይታጠባል፤ የእናቴም የእኔም እንደዚያው ነበር፤ ያበራዋል፣ ያለሰልሰዋል። ማክሰኞ ዕለት ግን ቀጭኑ እርጎ አልቆ፣ በጨርቅ አንጠልጥዬ ያጠለልኩት ወፍራሙ ብቻ ነበረኝ። ምን ልዩነት አለው ብዬ እሱን ቀባኋት። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። የሞቀ ውሃ የነበረኝ አንድ ማንቆርቆሪያ ነው። እንዳይበርዳት፣ ሳንባዋን እንዳይመታት ፈርቼ፣ ቶሎ ቶሎ አፍስሼ በፎጣ ጠቀለልኳት። ነርሷ ረቡዕ ጠዋት መጣች። እንግዲህ ልጄን ያዋረድኳት በገዛ እጄ ነው።

«ስለዚህ ምን ልበል?» አለች ፔሪዛት። «ለሦስት መቶ ሰው ‹አያቴ አይብ ቀብታኝ ነው› ልበል?»

«አንቺ ምንም አትዪም። ሰኞ እኔ እሄዳለሁ። ተሳስተን ነበር ብለው በሚቀጥለው ዓርብ ዜና ላይ ይጽፋሉ።»

«ካልጻፉስ?»

«ይጽፋሉ።»

«ካልጻፉ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አትከለክዪኝም።»

«እሺ» አልኳት። ያቺ «እሺ» ከአፌ ከወጣች ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

ሰኞ ነጭ ሻሼን አስሬ ሄድኩ። ቱርሱናይ እንደ እናቷ ነው የተቀበለችኝ። «አፓ ሶኑንቡቡ! ይግቡ፣ ይግቡ፣ ብርዱን አያዩም!» ሻይ በወተት ቀዳችልኝ፣ ከረሜላ ደረደረች። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። እርጎው ላይ ስደርስ ሳቀች፤ ክንዴን መታ መታ አደረገችኝ።

«ውይ አፓ! እኔም እኮ በእርጎ ታጥቤ ነው ያደግሁት!»

«እንግዲያው ታውቂዋለሽ። ልጅቷን ከዝርዝሩ አውጪልኝ።»

«ሪፖርቱ ወረዳ ሄዷል እኮ። ዘጠኝ ብለን ስምንት ብንል ነርሷ ትጠየቃለች፣ እኔም እጠየቃለሁ።»

«እኔ ስለ ወረዳ አልጠየቅሁሽም፣ ልጄ። ወላጁ ሁሉ ስላየው ነው የምልሽ። ለመሆኑ ስማቸው ለምን አስፈለገ?»

«ስም ካልተጻፈ ማን ይሻሻላል? ወላጅ ካልፈራ አይሰማም።» ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አደረገች። «አፓ፣ ባለፈው ወር ስም ሳንጠቅስ ስንለጥፍ ስንት ሰው የወደደው ይመስልዎታል? አሥራ አንድ! አሁንስ? መቶ ስድሳ!»

ስልኳን አሳየችኝ። ከልቧ ደስ ብሏታል፤ ጉንጯ ቀልቷል። የሻዩን ስኒ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቀዋል።

«ዓርብ ስለ እርስዎ እጽፋለሁ፣ ቃሌ ነው» አለች በመጨረሻ። «እስቲ ይቺን ይያዙልኝ።» አንዲት ቀጭን መጽሐፍ እጄ ላይ አስቀመጠች። «ንጽሕና የጤና መሠረት» ይላል ሽፋኑ። ቀና ስል ስልኳ ፊቴ ላይ ተደቅኗል። ፎቶ ሲያነሱኝ አፌ ራሱ ይከፈታል፤ የወተት ቤቱ የክብር ሰሌዳ ላይ በየዓመቱ ሲያነሱን የያዝኩት ልማድ ነው። ፈገግ አልኩ።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም። ፔሪዛት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ብርድ ልብሱን ትስባለች። ያበሰልኩትን አትነካም። ሐሙስ ልብስ ሳሰጣ ጎረቤቴ ዳሜሽ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። የእሷ ልጅ ዝርዝሩ ላይ ሦስተኛ ነው።

«አንቺስ እርጎ ነው አልሽ» አለችኝ። «የእኔው ግን እውነተኛ ቅማል ነው፣ በሬ የሚያህል! አራቱም በአንድ ትራስ ይተኛሉ፣ ምን ላድርጋቸው?»

«ቀስ በዪ፣ ሰው ይሰማል።»

«ከዚህ ወዲያ ማን ይሰማል? ከማን እንደተጋባበት ልንገርሽ?» ድምጿን ሳይሆን አንገቷን ዝቅ አደረገች። «ከቱርሱናይ ልጅ ነው። እናቷ እኮ ፍተሻው መቼ እንደሆነ ታውቃለች። ረቡዕ ልጅቷን ከትምህርት ቤት አስቀረቻት። ሐሙስ ፀጉሯ እስከ ጆሮዋ ተቆርጦ መጣች። ‹አዲስ ፋሽን ነው› አለች አሉ።»

ልብሱን እንደያዝኩ ቀረሁ። የራሷን ልጅ ደብቃ የእኔን ልጅ ማጅራት አደባባይ አወጣችው፤ ከዚያ ሻይ ቀድታ አጠጣችኝ፤ እኔም ጠጣሁላት።

ዓርብ ስልኩ ሲንቀጠቀጥ ሁለታችንም አጠገቡ ነበርን። የፔሪዛት ሻንጣ በር ላይ ቆሟል።

«ቤተሰብና ትምህርት ቤት እጅ ለእጅ!» ይላል። ከሥሩ እኔ አለሁ፤ ነጭ ሻሽ፣ ቀጭን መጽሐፍ፣ የተከፈተ አፍ። «የፔሪዛት አያት ሶኑንቡቡ ለተሰጣቸው ምክር ምስጋናቸውን አቀረቡ። የልጅ ልጃቸውን ንጽሕና ከእንግዲህ በቅርብ እንደሚከታተሉ ቃል ገቡ።» ልብ፣ አበባ፣ ጭብጨባ።

«አመሰገንሻቸው?» አለች ፔሪዛት።

«አላመሰገንኩም! በእናትሽ እምላለሁ!»

«ትስቂያለሽ እኮ፣ አፓ። እይው፣ ትስቂያለሽ።»

ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ስታለቅስ ብሰማት ይሻለኝ ነበር፤ የሚሰማው መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው።

ያን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ከቱርሱናይ ይልቅ የራሴ ፊት አስጠላኝ፤ የእኔን ልጅ ለሚያዋርድ ሰው ጥርሴን የማሳይ አሮጊት። ጽሑፍ በጣቴ እየለቀምኩ ብጽፍ እስከ ነገ አልጨርስም፤ ስለዚህ የድምፅ ምልክቱን ተጫንኩ።

«ሰላም ለሁላችሁ» አልኩ። «ሶኑንቡቡ ነኝ፣ የወተት ቤቷ። እኔ ያመሰገንኩት ሰው የለም። የሄድኩት ስህተታችሁን አርሙ ልል ነው። ፔሪዛት ራስ ላይ የነበረው የእኔ እርጎ ነው። ወፍራሙን ቀባኋት፣ ሳላለቀልቅ ሰደድኳት። ሃያ ሁለት ዓመት ወተት የመዘንኩ ሴትዮ! ሳቁ፣ በእኔ ሳቁብኝ፣ ይገባኛል። ግን ቅማልስ ቢሆን? የዘጠኝ ልጅ ስም ዘርዝራችሁ፣ ማጅራታቸውን ለሦስት መቶ ሰው አሳይታችሁ ታጨበጭባላችሁ? እኔ በዕድሜዬ ብዙ ቅማል በጥፍሬ ገድያለሁ። አንዱም እንደ እናንተ ጭብጨባ አላቅለሸለሸኝም።»

የቱርሱናይ ልጅ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት፤ ጣቴንም ከስልኩ አነሳሁ።

ምን አደረግሁ፣ ልጅቷን የባሰ አጠፋኋት ስል፣ ዳሜሽ ጻፈች። «የእኔ ልጅ ቅማል አለው። ዛሬም አለው። መድኃኒቱ እዚህ አይገኝም፤ ያላት ትስጠኝ።»

«ግማሽ ጠርሙስ አለኝ፤ ልጁን ላኪው» አለች አንዷ።

«እኔም እፈልጋለሁ፤ የእኔ ሁለቱም» አለች ሌላዋ፤ የእሷ ልጆች ዝርዝሩ ላይ እንኳ የሉም።

«አፓ ሶኑን፣ ወፍራሙን እርጎ በኮምጣጤ ውሃ ያለቅልቁት፣ ሙልጭ ይላል።»

ያቺ የሚያስታውክ ፊት የለጠፈችው ፊቱን አጠፋችው። ይቅርታ አላለችም።

ቱርሱናይ ቡድኑ ላይ ብቅ አለች። «ውድ ወላጆች! ይህ ቡድን ለማስታወቂያ ብቻ ነው።» ወዲያው ቡድኑን ዘጋችው፤ ከእንግዲህ መጻፍ የሚችሉት ኃላፊዎች ብቻ ናቸው አለ ስልኩ። ዝርዝሩ እዚያው አለ፤ ፎቶውም፣ እኔም ከነመጽሐፌ።

በሩ ተከፈተ። ፔሪዛት ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ለመንደሩ ሁሉ ነገርሽው» አለች።

«ነገርኩት።»

«ድምፅሽ እየተንቀጠቀጠ።»

«ይንቀጠቀጣላ! ድንጋይ ነኝ እንዴ?»

«የቱርሱናይን ልጅ ነገር ለምን አልተናገርሽም? ዳሜሽ ስትነግርሽ በመስኮት ሰምቻለሁ።»

«ልጅቷ ምን አደረገች?»

ፔሪዛት የካፖርቷን ቁልፍ በጣቷ አዞረች። «ክፍል ውስጥ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው። ሳምንቱን ሙሉ የቤት ሥራ ስትልክልኝ ነበር። እናቷ እንዳታውቅ አደራ እያለች። አንዱንም አልመለስኩላትም።»

ተነሥታ ለእናቷ ደወለች። ቃል እንዳያመልጠኝ ሻሼን ከጆሮዬ ገፋ አደረግሁ። «እማዬ፣ ነገ አልመጣም… አይ፣ አላለቀስኩም… የመጨረሻውን ክፍል፣ አሥራ አንደኛን ልጨርስ፣ ከዚያ እናያለን… አፓ ናት፣ አዎ፣ ድምፅ ልካ። እልክልሻለሁ፣ ትሰሚዋለሽ።»

ከዚያ የእኔን ስልክ ከእጄ ወሰደች፣ ሁለት ጊዜ ተጫነችና መለሰችልኝ። ከቡድኑ አስወጥታኛለች።

«ምን ነካሽ!» አልኳት። «በረዶ ጥሎ ትምህርት ቢዘጋ በምን አውቃለሁ? ስብሰባ ቢጠሩኝስ? ፈተና ቢቀየርስ?»

«እኔ እነግርሻለሁ» አለች። «ትምህርት ቤት የምሄደው እኔ ነኝ አይደል?»

ሰኞ ጠዋት ከሩቅ ተከተልኳት። ቱርሱናይ በር ላይ ቆማ፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ የሚገቡትን ፎቶ ታነሳለች። ፔሪዛት ስትደርስ መዳፏን ፊቷ ላይ ጋረደች። «እኔን አይደለም፣ ኤጄ» ስትል አጥሩ ጋ ሆኜ ሰማኋት፤ ኤጄ የምንለው ታላቅ እህትንና መምህርትን ነው፣ አክብሮቱን አላጎደለችባትም። ፀጉሯ እስከ ጆሮዋ የተቆረጠ አንዲት ልጅ ደረጃው ላይ ትጠብቃት ነበር። አብረው ገቡ። እኔ ግን እስኪደወል ድረስ አጥሩን ይዤ ቆምኩ፤ ብርዱ እግሬን በላው፣ ያቺ ሴትዮም ስልኳን አላወረደችም።