አርባ ስድስተኛው ቀን

የልውውጥ ቢሮው ሠራተኛ ኖሪን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየች፣ ተመልሳ ደብዳቤውን አየች፣ መነጽሯንም አወለቀች። ቨርላ ብራንድሆርስት ከባንኮኒው ወዲህ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ምስጋና ትጠብቃለች። ምን ታድርግ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከቀጠሮ ቀድማ እየደረሰች ሰው ሲያመሰግናት ነው የኖረችው።

"ወይዘሮ ብራንድሆርስት፣" አለች ኖሪን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ይኼ እኮ ትናንት መግባት ነበረበት።"

"የምን ትናንት? ገና አሥራ ሰባት ቀን አለኝ።"

"አርባ አምስቱ ቀን ትናንት አለቀ።"

ቨርላ ፈገግ አለች። የተሳሳተ ሰው ስታርም ሁልጊዜ ፈገግ ትላለች። ከቦርሳዋ ትንሿን ማስታወሻ አወጣችና ኖቬምበር ሰባት በቀይ እስክሪብቶ የተከበበበትን ገጽ ገልጣ አሳየቻት። "ቤቱ የተሸጠው ሴፕቴምበር አምስት ነው። ቅዳሜና እሁዱን እያወጣሽ ቁጠሪ። ዘጠኝ ሳምንት፣ አንድ ሩብ ዓመት ማለት ነው።"

"ማን ነው ቅዳሜና እሁድን የሚያወጣው?" አለች ኖሪን፣ በቀስታ።

እንግዲህ ይቺ ቨርላ በአሜሪካ አይዋ፣ በዋተርሉ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ጸሐፊ ነበረች። በትምህርት ቤት አርባ አምስት ቀን ማለት የትምህርት ዓመቱ አንድ ሩብ ነው፤ ዘጠኝ ሳምንት ተምረው ካርድ ይቀበላሉ። ቅዳሜና እሁድ እዚያ ቀን አይባሉም። ቨርላ ከብት አርቢ ብትሆን ኖሮ እንዲህ አትሳሳትም ነበር፣ ላም ዛሬ እሁድ ነው ብላ ወተቷን አትይዝማ። ከቢሮው በተሰጣት ወረቀት አራተኛ ገጽ ላይ ቀኑ በግልጽ ተጽፎ ነበር። እሷ ግን ስለ ቀን አቆጣጠር ከእኔ በላይ ማን አለ ብላ ወረቀቱን በሥርዓት ማኅደር ውስጥ ከትታ፣ ማኅደሩን በፊደል ተራ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቨርላና ባሏ ዴልበርት ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት የገዟት፣ ለአራት ቤተሰብ የሚያከራዩዋት ቤት ነበረቻቸው። ቧንቧ ሲፈነዳ፣ ጣሪያ ሲያፈስ፣ ዴልበርት ራሱ መሰላል ተሸክሞ ይሄድ ነበር። አሁን ዴልበርት መሰላሉ ይቅርና የሚስቱን ስም ካስታወሰ ጥሩ ቀን ነው። ስለዚህ ቤቷ በአራት መቶ አሥር ሺህ ዶላር ተሸጠች። ገንዘቡን ተቀብሎ ኪሱ የከተተ ሰው ግብር ይከፍላል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ዘጠና ሺህ ግድም ይደርስብሻል ብሏታል። ግን ሕጉ ማለፊያ አለው። ገንዘቡን በእጅሽ ሳትነኪ እንደ ኖሪን መሥሪያ ቤት ያለ፣ ገንዘብ በአደራ የሚይዝ የልውውጥ ቢሮ ዘንድ ካስቀመጥሽውና በእሱ ሌላ የሚከራይ ቤት ከገዛሽ፣ ግብሩ ዛሬ አይጠየቅም፣ ይቆይልሻል። የምትገዢውን ቤት አድራሻ በአርባ አምስት ቀን ውስጥ ጽፈሽ፣ ፈርመሽ ለቢሮው ማስረከብ ነው።

ቤቱንም አግኝታለች። ስድስት ተከራይ የሚይዝ፣ ጣሪያው አዲስ፣ ዋጋው ልክ በእጇ ያለው ገንዘብ የሆነ። የዚያ ቤት ኪራይ ከጡረታዋ ጋር ሲደመር ዴልበርት የሚኖርበትን የአረጋውያን መኖሪያ በየወሩ ይከፍላል። ዘጠና ሺህ ከጎደለ ግን ቤቱ አይገዛም፣ ሁለት ባንክ ጠይቃ ሁለቱም በትሕትና ሸኝተዋታል። ቤቱ ካልተገዛ ደግሞ ዴልበርት እዚያ አይቆይም።

እዚያ ለምዷል እኮ። ሠራተኞቹ ሳንቃ ላይ ውኃ የሌላት ቧንቧ ገጥመውለት፣ የፕላስቲክ መፍቻ ሰጥተውት፣ እሷን ሲያጠብቅና ሲያላላ ይውላል። አሁን አይጮኽም፣ አይደነግጥም። ቤት ሳለ ሁለት ጊዜ በበረዶ በፒጃማ ወጥቶ ፖሊስ ነው የመለሰው። አንድ ቀን ደግሞ ቨርላ ሌባ መስላው የግራ እጇን አንጓ ሰብሮታል። እሷ ለሰው ሁሉ ደረጃ አዳልጦኝ ነው ብላለች።

"በስንት ሰዓት ነበር ትናንት የሚያበቃው?" አለች ቨርላ አሁን። ለምን እንደጠየቀች እሷም አታውቅም።

"ሰዓቱ ምን ያደርግልዎታል።" ኖሪን ወደ በሩ አየት አድርጋ ቀረብ አለች። "ይስሙኝ። እኔ ትናንት ጥርሴን ልነቀል ሄጄ አልገባሁም። በሩ ላይ ያለውን የደብዳቤ ሳጥን እስካሁን አልከፈትኩትም። ደብዳቤው ላይ ደግሞ ቀን አልጻፉበትም።"

እውነት ነው፣ ቨርላ ቀን የምትጽፈው ስታስረክብ ነው፣ የቆየ ልማዷ ነው።

"ሳጥኑን ስከፍት የትናንት ቀን ያለበት ደብዳቤ ባገኝ፣" አለች ኖሪን፣ "መቼ እንደገባ እኔ ምን አውቃለሁ?"

ቨርላ ኖሪንን በደንብ አየቻት። ልጅቷ ዛሬ አርባ ዓመት ይሆናታል፣ ቨርላ ትምህርት ቤት ስታውቃት ግን አሥራ አምስት ነበረች። እናቷ ሥጋ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ስለምትሠራ፣ ታናናሾቿን ትምህርት ቤት አድርሳ እየሮጠች ስትመጣ ሁልጊዜ ታረፍድ ነበር። ቨርላ ሁልጊዜ የማርፈጃ ወረቀቷ ላይ የደረሰችበትን ሰዓት ትመታለች፤ ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ብስኩትና ወተት ትሰጣታለች።

"ብስኩቱን አልረሳሁትም፣" አለች ኖሪን፣ የልቧን ያወቀች ይመስል። "ሰዓቱን ግን አንድም ቀን አልቀነሱልኝም።" ፖስታ ላምጣ ብላ ወደ ኋላ ክፍል ገባች፣ በሩንም ገርበብ አደረገችው።

ትሮይ የገባው ያን ጊዜ ነው። የቨርላ አንድ ልጅ፣ የትራክተር ፋብሪካ ሠራተኛ፤ ከዚህ ወጥተው የአዲሱን ቤት ምድር ቤት ሊያይላት ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዶ መጥቷል። መኪና ውስጥ መጠበቅ ሰልችቶት ነው። እናቱን ሲያያት ቆቡን አወለቀ።

"ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ ገርጥቷል።"

ነገረችው። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ፣ ቅዳሜና እሁዱንም፣ ሳጥኑንም፣ የኖሪንን ጥርስም። ትሮይ መጀመሪያ ሳቀ፣ የሚያስቅ ነገር ስለነበረ ሳይሆን መሳቅ ስለቀደመው ነው። "አንቺ? አንቺ አረፈድሽ?" አላት። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ፤ ባንኮኒውን ያዘ።

ስለ አራቱ ደቂቃ ያልሰማ የዋተርሉ ሰው ጥቂት ነው። ትሮይ አሥራ ሰባት ዓመቱ ሳለ የትግል ስፖርት ተወዳዳሪ ነበር፣ ያውም ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ለመድረስ አንድ ግጥሚያ ብቻ የቀረው። አይዋ ውስጥ ትግል ምን ያህል እንደሚወደድ መቼም አይነገርም። በግጥሚያው ዕለት ያለ ፈቃድ ያረፈደ ተማሪ አይታገልም የሚል ሕግ ነበር፣ ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ የዴልበርት መኪና አልነሳም አለ። ትሮይ በበረዶ ሮጦ ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ደረሰ። የትምህርት ቤቱ ባንኮኒ ጋ የቆመችው እናቱ ናት። ሰዓቱን አየች፣ ወረቀቱን ሰዓት መምቻው ማሽን ውስጥ አስገባች፣ ሁለት ሰዓት ከአራት ብላ መታችበት። ከዚያ ወዲያ አልታገለም። በየዓመቱ ቤተሰብ ማዕድ ላይ ሲሰበሰብ "ወይዘሮ አራት ደቂቃ፣ ድንቹን አቀብይኝ" ይላታል፤ ሁሉም ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች።

"ሳጥኑ ውስጥ ክተቺው፣" አለ ትሮይ።

ቨርላ ደብዳቤውን ባንኮኒው ላይ አቃናችው።

"እማዬ፣ የማንንም ገንዘብ እየሰረቅሽ አይደለም። ቤት ሸጠሽ ቤት ልትገዢ ነው። ሕጉ ራሱ ፈቅዶልሻል፣ የሳትሽው ቆጠራ ነው።"

"ጠያቂ ቢመጣ ምላ የምትመሰክረው ኖሪን ናት።"

"ማንም አይጠይቅም።"

"አውቃለሁ፣" አለች። ይህንንም ስትል ድምጿ ተሰበረ፣ ትሮይ እናቱን እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም። ባሏን አሰበችው፣ ያቺን ደረቅ ቧንቧ ይዞ፣ "አሁን አያፈስም" ሲላት። ልቧ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። እጇ ብቻ ነው አልታዘዝ ያላት።

"ማን ያነሳዋል አባዬን? ማን ያጥበዋል? ያ እጅሽ?" ትሮይ የግራ እጇን ጠቆመ፤ ስለ ደረጃው ወሬ አምኗት እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባት። "ለእኔ አራት ደቂቃ አልቀነስሽልኝም። እሺ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው፣ አለፈ። ለእሱ አንዲት ቀን ያቅትሻል?"

"ለእሱ ከቀነስኩ፣ ትሮይ፣ ላንተም መቀነስ እችል ነበር ማለት ነው።"

ትሮይ ቆቡን በእጁ አገላበጠው።

"ትችይ ነበር፣" አላት።

"አዎ፣" አለች ቨርላ። "እችል ነበር።"

ኖሪን ባዶ ፖስታ ይዛ ተመለሰችና ማንንም ሳታይ ባንኮኒው ላይ አኖረችው። ቨርላ ፖስታውን በአንድ ጣቷ ወደ ልጅቷ መልሳ ገፋችው። "ማኅተምሽን ስጪኝ፣" አለች፣ በዚያ ለሠላሳ አንድ ዓመት ማንም ባልተከራከረው ድምጿ። ኖሪን አንዴ ትሮይን አየችና ሰጠቻት።

ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ገና ዓርብ ነበር፣ ኦክቶበር አሥራ ሰባት፤ ኖሪን ትናንት ስላልገባች ያዞረው የለም። ቨርላ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር በአውራ ጣቷ ትገፋት ጀመር። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። ሃያ ላይ አውራ ጣቷ ቆመ። ከመንገድ ማዶ በቆሎ የጫነ መኪና እየተንገጫገጨ አለፈ፣ መስኮቱም ተንቀጠቀጠ። ቨርላ በአውራ ጣቷ አንድ ጥርስ ጨመረችና ሃያ አንድ ላይ አደረሰችው፣ ደብዳቤው ላይም መታችው።

"እንዲህ ከሆነ ገንዘቡን ልመልስልዎት ነው፣" አለች ኖሪን። ዓይኗ ቀልቷል።

"መልሺልኝ። ግብሩን እከፍላለሁ።" ቨርላ ማስታወሻዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ዚፑ አልዘጋ አላት፣ ተወችው። ወደ ልጇ ስትዞር ፊቷ ላይ ያለውን እንባ አልጠረገችውም። "ቅዳሜ መኪናህን ይዘህ ና። የምግብ ጠረጴዛውን አውጥተን የአባትህን አልጋ እዚያ እንዘረጋለን፤ ደረጃ መውጣት አይችልም። ያቺን ቧንቧም ነቅለው እንዲሰጡን እለምናቸዋለሁ።"

ትሮይ ቆቡን አጠለቀ። የሚለው ብዙ ነገር ነበረው፣ አፉ ላይም ደርሶ ነበር።

"በስንት ሰዓት ልምጣ?" አላት በመጨረሻ።

"ጠዋት በሁለት ሰዓት፣" አለች ቨርላ። ከዚያ ክንዱን ያዘችው። "ብታረፍድም ምንም አይደል።"