የኦሪሲያ ሦስተኛ መስመር

የዳሊና መንደር የበረዶ ሆኪ ቡድን ገንዘብ ከፒሮጊ ነው የሚመጣው። በየዓመቱ መከሩ እንደተሰበሰበ ሴቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ሊጥ ይዳምጣሉ፣ በድንችና በአይብ ይሞሉታል፣ ጠርዙን ቆንጠጥ ቆንጠጥ እያደረጉ ይዘጋሉ። ከዚያ የአካባቢው ሰው ሁሉ መጥቶ ይበላል፣ ከፍሎም ይሄዳል። በበረዶው ወራት ወንዶቹን የሚያንሸራትታቸው ያ ሊጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያን ዓመት ራቱ አሥራ ስምንት ሺህ ዶላር አስገባ። በሳስካቼዋን ሜዳ መሃል የተቀመጠች ትንሽ መንደር እንዲህ ያለ ገንዘብ በአንድ ማታ አይታ አታውቅም። ምክንያቱ ወሬ ነው። ታራስ ዳኒሊዩክ ከአውሮፓ ተመልሷል፣ ዘንድሮ ለመንደሩ ይጫወታል ስለተባለ፣ ፒሮጊ የማይወደው ሰው ሳይቀር ሳህን ይዞ ተሰለፈ።

ታራስ የዳሊና ልጅ ነው። ጀርመን አገር ዓመታት ሙሉ እንጀራውን በሆኪ በልቷል። ከዚያ በፊትም በትልቁ ሊግ ሦስት ጨዋታ ተሰልፏል፤ ሦስቱን ጨዋታዎች መንደርተኛው ከራሱ ከታራስ የበለጠ ያስታውሳቸዋል። አሁን ጉልበቱን ትንሽ ቢያመውም፣ ፓክ የምትባለው ጥቁር የጎማ ክብ ዱላው ላይ ካረፈች የተሰፋች ነው የምትመስለው።

የቡድኑ መሪ ደግሞ እናቱ ኦሪሲያ ናት። ጉዱ የፈላውም እዚህ ላይ ነው።

የቡድኑ ኮሚቴ ገንዘቡን ሊደለድል በበረዶ ሜዳው ሻይ ቤት ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ስታንሊ የእርሻ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ትራክተር ሲሸጥም ሐሳብ ሲሸጥም ያው ነው፣ አፉ አያርፍም።

«በሉ እንግዲህ፣ ዋንጫው ቤቱ ገባ!» አለ እጁን እያፋተገ። «ልጁ አሥራ ሁለት ሺህ ብሏል። እንስጠውና እንገላገል።»

«የቀረችው ስድስት ሺህስ?» አለች ኦሪሲያ።

«ለሌሎቹ ነዋ!»

«ሌሎቹ እኮ አንድ ሙሉ ቡድን ናቸው፣ ስታንሊ።»

ኦሪሲያ የምትለው ነገር ለሆኪ ሰው አዲስ አይደለም፤ ኮከብ ሲታይ የሚረሳ ነገር ነው እንጂ። አጥቂዎች ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚገቡት፤ አንዱ ሦስትዮሽ አንድ መስመር ይባላል። ደቂቃ ሳይሞላ እግራቸው ይነዳል፤ ወደ ወንበራቸው ይመለሱና ቀጣዮቹ ሦስቱ አጥሩን ዘለው ይገባሉ። የዳሊና አንደኛ መስመር ጎል የሚያገባው ነው። ሁለተኛው ከከተማ የሚመጡ ተማሪዎች ናቸው፣ ቤንዚን ካልተሞላላቸው አይመጡም። ሦስተኛው አሳማ አርቢው ኬልቪን፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳው ዱዌይንና ብየዳ ሠራተኛው ራንዲ ናቸው። እነዚህን ማንም አያሞግሳቸውም። ሥራቸው መግፋት፣ መገፋት፣ ሌላውን ማድከም ነው። ኬልቪን በጨዋታ ቀን አሳማዎቹን የሚመግብለት ሰው ይቀጥራል፤ ቡድኑ የሚሰጠው ደመወዝ ከተቆረጠች ኬልቪን የለም። ኬልቪን ከሌለ አንደኛው መስመር ሲደክመው የሚያሳርፈው የለም።

«ሰው ብር ከፍሎ የሚመጣው ታራስን ሊያይ ነው» አለ ስታንሊ። «የአሳማ አርቢ ሊያይ አይደለም!»

የኬልቪን ሚስት ላቨርን ጥግ ላይ ብርጭቆ ታጥብ ነበር። ዞር እንኳ አላለችም።

«የአሳማ አርቢው ሚስት የቆነጠጠችውን ፒሮጊ ሁለት ሳህን ስትጠርግ ግን አይቼሃለሁ» አለችው።

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ስታንሊም ሳይወድ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ወደ ኦሪሲያ ዞሩ።

«ለታራስ ሦስት ሺህ» አለች። «ከማንም ይበልጣል። ከዚያ በላይ ሳንቲም የለኝም።»

«ለገዛ ልጅሽ?»

«ለገዛ ልጄ።»

ታራስ ቤት እስኪሠራ ድረስ እናትና አባቱ ቤት፣ ምድር ቤት ነው የሚያድረው። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ ጠረጴዛው ላይ ክንዱን ጭኖ ጠበቃት። አባቱ ኦረስት ጋዜጣ ያነበበ መስሎ ጋዜጣው ኋላ ተደብቋል።

«እማዬ፣ ቀልዱን ተይውና እውነቱን ንገሪኝ።»

«እየቀለድኩ አይደለም።»

«ኖርገኖች አሥራ አራት ሺህ ብለውኛል። ጎረቤት መንደር! ጠላቶቻችን!»

«እንግዲያ ኖርገን ተጫወት።»

ታራስ ሳቅ ሊል ሞከረ፣ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። «ከልጅሽ ጋር ነው ሂሳብ የምትተሳሰቢው?»

«ለልጄ ቤቴ አለ፣ ጓዳዬ አለ፣ ኩላሊቴን ብትፈልግ ዛሬውኑ ውሰድ» አለች ኦሪሲያ። «ያ ገንዘብ ግን የኔ አይደለም። ሴቶቹ ጣታቸው እስኪደነዝዝ የቆነጠጡት ባሎቻቸው እንዲጫወቱበት ነው። በእነሱው ገንዘብ ባሎቻቸውን አላስቀምጥም።»

ታራስ ክንዱን ከጠረጴዛው አነሳ። ከዚያ ተነሳ።

«እሺ አለቃ» አለ።

ለኖርገን ፈረመ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም «እማዬ» ማለቱ ቀረ። ለኖርገን እየተጫወተ የሚበላው እሷ ቤት ነው፣ የሚተኛው እሷ ቤት ነው። «ጨው አቀብይኝ፣ አለቃ።» «ሳሙና አልቋል፣ አለቃ።» ኦረስት መጀመሪያ ሳቀ። ወር ሲሞላ መሳቁን ተወ። ኦሪሲያ ቃሏን አላጠፈችም፤ ግን «አለቃ» የምትለዋን ቃል በሰማች ቁጥር ልጄን አጣሁት ይሆን እያለች ሳህን ታጥባለች።

ኖርገን ዳሊናን ሁለት ጊዜ አሸነፈ። በመጀመሪያው ታራስ ብቻውን አራት አገባ። አራተኛዋን ሁለት ተከላካይ አታልሎ፣ በረኛውን አስተኝቶ፣ ቀስ ብሎ ነው ያስገባት። ኦሪሲያ እንዳታጨበጭብ እጇ ላይ ተቀመጠች። ከንዴቷ በላይ ኩራቷ አስቸገራት። ያንን እጅ የወለደችው እሷ ናት፣ ምን ታድርግ? አገር ምድሩ ልጇን እየረገመ እሷ ውስጥ ውስጡን ፍንድቅድቅ ትላለች።

«አሥራ አራት ሺህ ዶላር ሲሮጥ አየሽ?» አላት ስታንሊ ሲወጡ።

«አየሁት። ሲደክመውም አያለሁ።»

ይህን ያለችው ዝም ብላ አልነበረም። ኖርገኖች ገንዘባቸውን ሁሉ ታራስ ላይ ሲያፈሱ የሦስተኛ መስመራቸው ሰዎች የቤንዚን እንኳ ቀረባቸው። አንዱ ወገቤን አለ፣ አንዱ ላሞቼ እየወለዱ ነው አለ፣ አንዱ ምንም ሳይል ቀረ። መጋቢት ሲገባ ኖርገን በሁለት መስመር ብቻ የሚጫወት ቡድን ሆነ፤ ታራስ ከአንደኛው ጋር ገብቶ ከሁለተኛውም ጋር ይቀጥላል።

የዋንጫው ጨዋታ ዳሊና ሜዳ ላይ ሆነ። መቀመጫው ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ቆመ። መደበኛው ሰዓት ሦስት ለሦስት አለቀ። የኖርገንን ሦስቱንም ያገባው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ከተጨማሪው ሰዓት በፊት አሰልጣኙ ላይል ላብ በላብ ሆኖ ኦሪሲያ ጋ መጣ። «ማንን ላስገባበት? ልጅሽ ሊጨርሰን ነው።»

ኦሪሲያ መልሱን ታውቀዋለች። ማወቋ ነው ያስጨነቃት። በተጨማሪው ሰዓት ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል፤ ቡድኖቹም ጎል ይቀያየራሉ፤ ያን ጊዜ የየቡድኑ ወንበር ከራሱ በረኛ ይርቃል። ሲከላከል የቆየ ሰው ደክሞት ልውጣ ቢል ወንበሩ ማዶ ነው። ብልህ ተጫዋች ሳይደክመው ቀድሞ ይወጣል። ታራስ ግን ከበረዶ ላይ መውጣት አያውቅም። ልጅ ሳለ ከቤታቸው ኋላ ያለችው ኩሬ በረዶ ሆና ስትረጋ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነው። እሷ በረንዳ ላይ ቆማ «ታራስ! ራት ደርሷል!» ስትል ጣቱን ያነሳል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ማለቱ ነው። ትጣራለች፣ ጣቱን ያነሳል። ጨልሞ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ በመጨረሻ ሲገባ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው «እማዬ፣ ራት ደርሷል?» ይላታል።

ይህን ያወቀችው በቡድን መሪነት አይደለም። በእናትነት ያገኘችውን ነገር ልጇ ላይ ልትጠቀምበት ነው። ዞር ስትል ኬልቪን አንገቱን ደፍቶ ዱላው ላይ ፕላስተር ሲጠቀልል አየች። ከገና ወዲህ አንድ ጎል አላገባም፣ አንድ ቀንም አልቀረም።

«አንደኛውን መስመር ላክና ታራስን ያሯሩጡት» አለች። «ከዚያ እነሱን አስወጣና እነ ኬልቪንን ልቀቃቸው። ታራስ ያኔም ሜዳ ላይ ነው።»

«እንዴ፣ አሰልጣኛቸው ይጠራዋል እኮ!»

«ስንት ክረምት ራት ጠርቼዋለሁ፣ ላይል። አይወጣም ስልህ አይወጣም።»

ጨዋታው ተጀመረ። የዳሊና አንደኛ መስመር ፓኳን ኖርገን ጎል አካባቢ ይዞ አሽከረከራት፤ ታራስ እያሳደደ፣ እየነጠቀ፣ እንደገና እየተነጠቀ ቆየ። ዳሊናዎቹ ሲደክማቸው ወንበራቸው እዚያው አጠገባቸው ነበርና ዘለው ወጡ፣ እነ ኬልቪን ዘለው ገቡ። ማዶ የኖርገን አሰልጣኝ አጥሩን እየደበደበ «ታራስ! ውጣ! ታራስ!» እያለ ይጮሃል።

ታራስ ጎንበስ ብሎ እየተነፈሰ ጣቱን አነሳ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ኦሪሲያ ያቺን ጣት አየች። «ውጣ ልጄ» አለች በለሆሳስ፣ የዳሊና ቡድን መሪ የኖርገንን ኮከብ። «ደክሞሃል፣ ውጣልኝ።»

አልወጣም። ራንዲ ፓኳን ጥግ ወረወራት። ኬልቪን በዚያ ሰፊ ጀርባው ሁለት ሰው ከኋላው አድርጎ፣ ግትር አሳማ ከበረት እንደሚያስወጣ ሁሉ እየገፋ አወጣትና ለዱዌይን ሰጠው። ዱዌይን መታት፣ በረኛው በእግሩ መለሳት። ታራስ ደርሶ ሊጠርጋት ዱላውን ዘረጋ፤ ድሮ የሚደርስባት ነበረች፤ እግሩ አልታዘዘውም፣ ወደቀ። ኬልቪን ከበላዩ ተወርውሮ ነካ አደረጋት። ገባች።

የዳሊና ሜዳ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ጩኸቱ ሊያነሳው ነበር። ላቨርን የሻይ ቤቱን መስኮት በጭልፋ እየደበደበች «የኔ አሳማ አርቢ! የኔ!» ትላለች። ስታንሊ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ኬልቪንን አንገቱን አንቆ «እኔ መቼም አውቄው ነበር» ይላል። ኦሪሲያ ወደ ሜዳው በር ወረደች። የአውቶቡስ ሾፌር፣ በያጅ፣ አሳማ አርቢ ተቃቅፈው በረዶ ላይ ሲንከባለሉ አየች። የእሷ ናቸው። ያኔ እነ ስታንሊ ኮከብ ኮከብ ሲሉ አልለቀቀቻቸውም።

ከዚያ ዓይኗ ወዲያ ማዶ ሄደ። ታራስ እዚያው በወደቀበት በጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር። ልትሮጥ ፈለገች፤ በዚያ ጫማ በረዶ ላይ አይሮጥም፣ ደግሞም የማን ወገን ሆና?

ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው ሲጨባበጡ ተነስቶ መጣ። ሁሉንም ጨበጠ። ኬልቪን ጋ ሲደርስ ቆም አለ፣ የራስ ቁሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገለት፣ ጆሮው ሥር አንድ ነገር ተናገረ፤ ኬልቪን ፊቱ እስኪቀላ ሳቀ። ከዚያ ታራስ ቀስ እያለ ወደ በሩ፣ ወደ እሷ ተንሸራተተ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ኦሪሲያ የአጥሩን እንጨት ጨብጣ አለቃ የምትለውን ቃል ጠበቀቻት።

ታራስ አጥሩ ላይ ክንዱን ጥሎ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ቀና አለ።

«እማዬ፣ ራት ደርሷል?»

ኦሪሲያ ጓንቷን አውልቃ ፊቱን ጠረገችለት፣ ሰው ሁሉ እያየ።

«ከደረሰ ቆይቷል» አለችው። «ጫማህን አውልቅና ና።»