የመርከቡ ሰዓትና ባሮሜትር

የአቧራ መጥረጊያ ጨርቋ ባዶ ግድግዳ ላይ አረፈ። መጋረጃ ሰፊዋ ቀና ብላ አየች። የመርከቡ ሰዓትና የአየር ለውጥ ጠቋሚው ባሮሜትር በነበሩበት ቦታ ከቀሪው ቀለም የነጡ ሁለት ክቦች ብቻ ቀርተዋል።

"አባባ፣ የኮሪደሩ ሰዓትና ባሮሜትር የት ሄዱ?"

አባቷ ሻያቸውን ማማሰላቸውን ቀጠሉ። "እህትሽ ወሰደቻቸው። ትናንት አንቺ ሥራ ላይ እያለሽ መጥታ፣ ለአዲሱ ሳሎኔ ያምሩልኛል አለች።"

"ውሰጂ አሏት?"

"ምን ልበላት ታዲያ? ልጄ አይደለች?"

አባቷ በመርከብ ሞተር ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተው ሲወርዱ ይዘው የመጡት እነዚህን ሁለት የነሐስ ዕቃዎች ነበር። እናቷ ከሞቱ በኋላ እሳቸውን ወደ ቤቷ ያመጣቻቸው ታላቂቱ ልጅ እሷ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነሐሱን ወልውላለች፤ በየእሑዱ ሰዓቱን ሞልታለች። ታናሽ እህቷ በወር አንዴ ብቅ ብላ ስማቸው ትሄዳለች። እሳቸውም ያን ቀን ተላጭተው፣ ሸሚዝ ቀይረው ይጠብቋታል። ለታላቂቱ ተላጭተው አያውቁም።

"ዛሬ ምሳ ጠርታናለች" አሉ። "ተሰቅለው ታያቸዋለሽ።"

የታናሽየዋ ሳሎን አዲስ ቀለም ይሸታል። ሁለቱ ዕቃዎች ከሶፋው በላይ፣ ዙሪያው ገመድ ከተጠመጠመበት መስታወትና ከገበያ ከተገዛ የእንጨት መልህቅ መሃል ተሰቅለዋል። አምረዋል። ይበልጥ ያናደዳት ይኸው ነው፤ እሷ ቤት እንዲህ አምረው አያውቁም።

አባቷ ተነስተው የባሮሜትሩን መስታወት በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና መርፌውን አስተዋሉ። "ከሰዓት በኋላ ይዘንባል" አሉ። ታናሽየዋ እንደ ሕፃን ሳቀች። ይሄኔ ሞቅ ብሏቸው ስለ አንድ ማዕበል ማውራት ጀመሩ። ታላቂቱ ያን ታሪክ ሰምታው አታውቅም።

ወጥ ቤት ገብታ ሰሃን ስታጥብ እህቷ ተከተለቻት።

"ከመጣሽ ጀምሮ ፊትሽ ጠቁሯል። በሰዓቱ ነው?"

"ዘጠኝ ዓመት የወለወልኩት እኔ ነኝ። ለወጉ እንኳን አትጠይቂኝም?"

"ብጠይቅሽ ትሰጪኝ ነበር?"

ታላቂቱ ሰሃኗን አሸች።

"እትዬ" አለች ታናሽየዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አንቺ አባባን ወሰድሽ። በየጠዋቱ ያንን ባሮሜትር ነክተው ዣንጥላ ያዢ የሚሉት አንቺን ነው። እኔ እንግዳቸው ነኝ። ስመጣ ተላጭተው ነው የሚቀበሉኝ።"

ታላቂቱ በዚህ በኩል አስባው አታውቅም ነበር። ልታዝንላት ፈለገች፤ ልቧ ግን አልራራ አለ።

"አንድ ሳምንት እኔ ጋ ይቆዩ" አለች እህቷ። "ጠይቄያቸዋለሁ። እሷ ካለች ነው ያሉኝ።"

"እንደዚያ አሉሽ?"

"አዎ። እሷ ካለች።"

ታላቂቱ እጇን በፎጣ አደረቀች። "ይቆዩ። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪልኝ።"

እህቷ አቀብላት ወደ ሳሎን ተመለሰች። ታላቂቱ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሰዓት ጻፈች። ትራሳቸው ሁለት መሆን እንዳለበት፣ ጥሬ ሽንኩርት እንደማይስማማቸው ጻፈች። አንድ ነገር ቀረ። የአባቷን ቀኝ ጆሮ የሞተር ጩኸት ካደነቆረው ቆይቷል። አፍረውበት ለማንም አይናገሩም፤ እሷም ራሷ ደርሳበት ነው ያወቀችው። ጨዋታ የሚሆንላቸው በግራቸው ከተቀመጠ ሰው ጋር ብቻ ነው።

በበሩ በኩል ታናሽየዋ ትታያታለች። በቀኛቸው ተጠግታ የሆነ ነገር ትጠይቃቸዋለች፤ እሳቸው ግራ የገባው ፈገግታ ፈገግ ይላሉ። ደግማ ጠየቀቻቸው። አሁንም ፈገግ አሉ።

ታላቂቱ የእስክሪብቶውን ጫፍ ወረቀቱ ላይ አስነክታ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ስለ ጆሯቸው ሳትጽፍ ክዳኑን ገጠመችና ወረቀቱን አጥፋ ለእህቷ ልትሰጥ ወጣች።